የድኾች ጎረቤት ሆኖ የኖረ ቄስ፤ የሳሙኤል ባርኔት ታሪክ

ወዳጄ አንባቢ ሆይ፤ በቋንቋችን በደጅ ቆሞ ምጽዋት የሚለምነው ሰው የኔ ቢጤ ይባላል። ይህ ስም ትልቅ ነገር ይናገራል። ለማኙ እኔን የሚመስል፣ ከእኔ ጋር እኩል የተፈጠረ፣ ዛሬ እርሱ በቆመበት ስፍራ ነገ እኔ ልቆም የምችል ሰው ነው ማለት ነውና። ነገር ግን ስሙን በአፋችን የምንጠራ ብዙዎች ስንሆን በልባችን የምናምንበት ጥቂቶች ነን። ሳንቲሙን ሰጥተን ፊቱን ሳናይ እናልፋለን፤ ቤቱ ወዴት እንደ ሆነ፣ ልጆቹ ምን እንደ በሉ፣ ከሥራው ማን እንዳስወጣው አንጠይቅም። ስለዚህ ለድኻ ከሩቅ መስጠት ብቻ እንደማይበቃ አውቆ ወደ ድኾች ሰፈር ሄዶ ጎረቤታቸው የሆነውን የአንድ ቄስ ታሪክ በዚህች ጽሑፍ እንነግርሃለን። በታሪኩ ውስጥ የምታገኛቸው ዓመቶች ሁሉ እንደ አውሮፓ አቈጣጠር የተጻፉ ናቸው።

ሳሙኤል ባርኔት በ1844 ዓ.ም. በእንግሊዝ አገር በብሪስቶል ከተማ ተወለደ። አባቱ የብረት አልጋ የሚያሠራ ባለጠጋ ሰው ነበረና ልጁ የዳቦ ችግር ምን እንደ ሆነ ሳያውቅ አደገ። በ1862 ዓ.ም. ወደ ኦክስፎርድ ዩኒቨርሲቲ ገብቶ ሕግና ታሪክ ተማረ። ትምህርቱን ከፈጸመ በኋላ ጥቂት ጊዜ አስተማረ፤ ከዚያም የእርስ በርስ ጦርነቷን ገና ከፈጸመችው ከአሜሪካ ሄዶ አገሩንና ሕዝቡን ተመለከተ። በ1867 ዓ.ም. ወደ አገሩ ተመልሶ የክህነት አገልግሎት ተቀበለና በለንደን ምዕራባዊ ክፍል በአንዲት ቤተ ክርስቲያን ረዳት ሆኖ ማገልገል ጀመረ። መልኩ ግርማ የሌለው፣ አንደበቱም እንደ ታላላቆቹ ሰባኪዎች ሰውን የሚማርክ አልነበረም። ነገር ግን እግዚአብሔር ለሥራው የሚጠራው መልከ መልካሙንና አንደበተ ርቱዑን ብቻ እንዳይደለ በዚህ ሰው ታያለህ።

በዚያው በለንደን ኦክታቪያ ሂል የምትባል አንዲት ሴት ነበረች። እርስዋም ያረጁ የድኾች ቤቶችን ተረክባ ታሳድስና ታከራይ ነበር። የቤት ኪራይ የሚሰበስቡት ረዳቶችዋ እንደ ቀራጭ ሳይሆኑ እንደ ወዳጅ ሆነው በየቤቱ እንዲገቡ ታስተምራቸው ነበር። ባርኔት ከእርስዋ ጋር ሠራ፤ በ1869 ዓ.ም. የተመሠረተው የምጽዋትን ሥራ በሥርዓት የሚመራው ማኅበር በሰፈሩ ሥራውን ሲጀምርም አብሮ ተሳተፈ። ከኦክታቪያ ሂል ረዳቶች አንዲቱ ሄንሪዬታ የምትባል የባለጠጋ ልጅ ነበረች። ሁለቱም በአንድ ሥራ ላይ ተገናኝተው ተዋወቁ፤ በ1873 ዓ.ም. መዠመሪያም ተጋቡ።

አዲስ ሙሽሮች ደስ የሚል አየርና ጸጥታ ያለበትን ስፍራ ይመርጣሉ። እነዚህ ሁለቱ ግን በምሥራቅ ለንደን በዋይትቻፕል የምትገኘውን የቅዱስ ይሁዳን አጥቢያ ተቀበሉ። የለንደኑ ጳጳስ ይህች አጥቢያ በሀገረ ስብከቱ ካሉት ሁሉ የከፋች መሆንዋን አስቀድሞ ለባርኔት አስታውቆት ነበር። ሰፈሩ ከወደቡ ብዙ አይርቅም። ወንዶቹ በየማለዳው ወደ መርከቦቹ መቆሚያ ሄደው ይሰለፋሉ፤ የተመረጠው ለጥቂት ሰዓት ይሠራል፤ ያልተመረጠውም ባዶ እጁን ይመለሳል። ሴቶቹ በጨለማ ክፍል ተቀምጠው ልብስ በመስፋት እጅግ አነስተኛ ዋጋ ያገኛሉ። ቤት የሌላቸው ደግሞ ለአንድ ሌሊት አራት ሳንቲም ከፍለው ብዙ አልጋ በተደረደረበት ማደሪያ ይተኛሉ። ሌባውና ሰካራሙ፣ የታመመውና ገላዋን የምትሸጠው በነዚያ ቤቶች በአንድነት ያድሩ ነበር። ባርኔት መጀመሪያ ባገለገለበት እሑድ በቤተ ክርስቲያኒቱ ውስጥ የተገኙት ስድስት ወይም ሰባት አሮጊቶች ብቻ ነበሩ። እነርሱም የመጡት ከጸሎቱ በኋላ ገንዘብ ይታደላል ብለው ነው።

ባርኔት ግን ያንን ዕደላ አቆመ። አስቀድሞ ሲደረግ የኖረው ምጽዋት ሰውን ከድኽነቱ እንዳላወጣው አይቶ ነበር። ከባለጠጎች ሰፈር የሚላከው ገንዘብ ማን እንደሚቀበለውና በምን እንደሚያውለው የሚጠይቅ አልነበረም። አጥብቆ የሚዋሽ አብዝቶ ያገኝ ነበር፤ የሚያፍረውና በልፋቱ የሚኖረው ግን ሳይታሰብ ይቀር ነበር። ስለዚህ ባርኔት በደጁ ለሚጮኽ ሰው ገንዘብ መስጠትን ትቶ የያንዳንዱን ችግር በቤቱ እየሄደ መመርመር ጀመረ። ሕዝቡም ተቈጣ። ብዙዎች ተሰብስበው ደጁን ደበደቡ፤ የመስኮቱንም መስተዋት በድንጋይ ሰበሩ። በመጨረሻ ባልና ሚስቱ ከቤታቸው ወደ ቤተ ክርስቲያኒቱ የሚያሳልፍ በር አስከፈቱ። ይህም ሁከት በተነሣ ጊዜ ቄሱ በዚያ ሾልኮ ፖሊስ ይጠራ ዘንድ ነው።

አንባቢ ሆይ፤ ይህን ስታነብ ምናልባት ልብህ ይከፋ ይሆናል። ለተራበ ዳቦ መከልከል የክርስቲያን ሥራ ነውን ብለህ ትጠይቅ ይሆናል። ጥያቄህ ቅን ነው፤ ባርኔትም ራሱ ይህን ጥያቄ ዕድሜውን ሙሉ ከልቡ አላወጣውም። መልሱን በኋላ ታገኘዋለህ። ለጊዜው ይህን አስተውል። ባርኔት ድኻውን ከልክሎ ወደ ጥሩ ሰፈር አልሸሸም። በተሰበረው መስኮት ውስጥ ኖረ። ድንጋይ የወረወረበትን ሰው በማግሥቱ በመንገድ አገኘው፤ ሰላምታም ሰጠው። ይህን ያደረገው አንድ ወር ወይም አንድ ዓመት አይደለም፤ በዋይትቻፕል ከሠላሳ ዓመት በላይ ሠራ።

የኑሮው ዓይነት ይህ ነበር። ባልና ሚስቱ የሰፈሩን ሰዎች ወደ ቤታቸው ይጋብዛሉ፤ በአንድ ገበታ ያስቀምጧቸዋል፤ ዜማ ያሰሟቸዋል። በ1877 ዓ.ም. ጭስና ጭቃ እንጂ ሜዳና ዛፍ አይተው የማያውቁ ጥቂት ደካሞች ሕፃናትን ወደ ገጠር ላኩ፤ በዚያም በገበሬዎች ቤት ተቀመጡ። ከዚህ ትንሽ ጅማሬ የለንደንን ድኾች ልጆች በየዓመቱ ወደ ገጠር የሚልክ ማኅበር ተነሣ። በ1881 ዓ.ም. ደግሞ በፋሲካ ሰሞን በአጥቢያው ትምህርት ቤት ክፍሎች የሥዕል ትርኢት አደረጉ። ታላላቅ ሠዓሊዎችና ባለጠጎች ሥዕሎቻቸውን አዋሱ፤ የወደቡ ሠራተኛም ከሚስቱና ከልጆቹ ጋር መጥቶ አየ። ብዙዎች ድኻ ከዳቦ በቀር ምን ያሻዋል ብለው ዘበቱ። ባርኔት ግን ሰው በዳቦ ብቻ እንደማይኖር የተነገረው ለባለጠጋ ብቻ አይደለም ብሎ ያምን ነበር። ሠራተኛው ዕረፍት የሚያገኘው በሰንበት ነውና ትርኢቱን በእሑድም ከፈተ፤ ስለዚህም ከሃይማኖት ሰዎች ብርቱ ነቀፌታ ተቀበለ። ትርኢቱ ግን በየዓመቱ እየሰፋ ሄደ፤ በ1901 ዓ.ም. ለዚሁ የተሠራው የዋይትቻፕል የሥዕል ቤት ተከፈተ።

አሁን ወደ ዋናው ነገር እንድረስ። በ1883 ዓ.ም. የለንደን ድኾች እንዴት እንደሚኖሩ የሚናገር አንድ ትንሽ መጽሐፍ ወጥቶ አገሩን ሁሉ አስደነገጠ። ባለጠጎች አዘኑ፤ ገንዘብም አዋጡ። የኦክስፎርድና የካምብሪጅ ተማሪዎችም ምን እናድርግ ብለው ጠየቁ። ባርኔት በዚያው ዓመት በኅዳር ወር ወደ ኦክስፎርድ ሄዶ በአንድ ኮሌጅ ውስጥ ሐሳቡን አነበበላቸው። የሐሳቡም ፍሬ ነገር አጭር ነበር። ገንዘባችሁን ከመላክ ይልቅ ራሳችሁ ኑ፤ በድኾች መካከል ቤት ተከራይታችሁ ኑሩ፤ ልታስተምሩ ብቻ ሳይሆን ልትማሩም ኑ አላቸው። ለብቻው የሚኖር ባለጠጋና ለብቻው የሚኖር ድኻ እየተፈራሩና እየተጠላሉ ይኖራሉ፤ ጎረቤታሞች የሆኑ ግን ይተዋወቃሉ፤ መተዋወቅም የፍቅር መጀመሪያ ነው ብሎ ያስብ ነበርና።

በዚያው ዓመት በመጋቢት ወር በኦክስፎርድ ያስተምር የነበረ አርኖልድ ቶይንቢ የሚባል ወጣት ሊቅ በሠላሳ ዓመቱ ሞቶ ነበር። እርሱም በ1875 ዓ.ም. በዋይትቻፕል ተቀምጦ የባርኔትን ሥራ የረዳና ስለ ሠራተኞች ኑሮ አብዝቶ የደከመ ሰው ነበር። ስለዚህ አዲሱ ቤት በሄንሪዬታ አሳብ በስሙ ቶይንቢ ሆል ተባለ። ቤቱ ከቅዱስ ይሁዳ ቤተ ክርስቲያን አጠገብ ተሠራ። በ1884 ዓ.ም. በልደት በዓል ዋዜማ የመጀመሪያዎቹ ሁለት ነዋሪዎች በውስጡ አደሩ። የዓለም መድኃኒት በበረት ተወልዶ ከእኛ ጋር የኖረበትን ቀን በምናስብበት ሌሊት ይህ ሥራ መጀመሩ ለሚያስተውል ሰው ምልክት ነው። ባርኔትም እስከ 1906 ዓ.ም. የቤቱ አለቃ ሆኖ አገለገለ።

እንዲህ ያለው ቤት በእንግሊዞች ቋንቋ ሴትልመንት ይባላል፤ በእኛ ቋንቋ የጉርብትና ቤት ብንለው እውነት ነው። ሥራውም እንዲህ ነበር። በውስጡ የሚኖሩት ከዩኒቨርሲቲ የወጡ ወጣቶች ነበሩ። ደመወዝ አይቀበሉም፤ የምግባቸውንና የማደሪያቸውን ዋጋ ራሳቸው ይከፍላሉ። ቀን ከፊሎቹ ወደ መንግሥት መሥሪያ ቤት፣ ከፊሎቹ ወደ ፍርድ ቤት፣ ከፊሎቹ ወደ ትምህርት ቤት ይሄዳሉ። ማታ ግን ለሰፈሩ ሰዎች ታሪክንና ቋንቋን፣ ሕግንና የተፈጥሮን ዕውቀት ያስተምራሉ። ጠበቃ መቅጠር ለማይችል ድኻ ያለ ዋጋ የሕግ ምክር ይሰጣሉ። በሰፈሩ ትምህርት ቤቶችና በድኾች መርጃ ሸንጎ ውስጥ ገብተው ይሠራሉ። የሠራተኞች ማኅበሮችም በአዳራሹ ይሰበሰቡ ነበር።

በዚህ ቤት ማንም ስለ ሃይማኖቱ አይጠየቅም ነበር። ከ1881 ዓ.ም. ጀምሮ በሩስያ መንግሥት ግዛት ከደረሰባቸው ስደት የሸሹ ብዙ አይሁድ በዋይትቻፕል ሰፍረው ነበርና እነርሱም እንደ ሌላው ሰው ይገቡና ይማሩ ነበር። ስለዚህ ከካህናት ወገን አንዳንዶቹ ባርኔትን ነቀፉት። ቄስ ያቆመው ቤት ወንጌልን በግልጥ ካልሰበከ ምን ይረባል አሉ። ከኦክስፎርድም የኬብል ኮሌጅ ሰዎች በዚያው በ1884 ዓ.ም. በቤትናል ግሪን ሰፈር ኦክስፎርድ ሀውስ የሚባል ሌላ ቤት አቆሙ፤ በዚያም የቤተ ክርስቲያን ሥርዓት የሥራው መሠረት ሆነ። አንባቢ ሆይ፤ ይህ ክርክር በቀላሉ የሚፈረድ አይደለም። ሁለቱም ወገኖች ለድኾች አዝነው ወደ አንድ ጭቃ ገብተዋልና። ባርኔት ግን ፍቅርን ሃይማኖትን ለመሸጥ እንደ መማለጃ ማቅረብ እንደማይገባ ያምን ነበር። ራሱ በየቀኑ ይጸልይ ነበር፤ በመቅደሱም ያገለግል ነበር።

በ1888 ዓ.ም. በዋይትቻፕል ድኾች ሴቶች በሌሊት እየታረዱ ተገኙ፤ ነፍሰ ገዳዩም ማን እንደ ሆነ ሳይታወቅ ቀረ። ጋዜጦች ሁሉ ስለ ነፍሰ ገዳዩ ጻፉ። ባርኔት ግን ለጋዜጣ በላከው ደብዳቤ ስለ ሴቶቹ መኖሪያ አሳሰበ። መንገዱ ብርሃን ይደረግለት፤ ጠባቂ ይብዛ፤ እነዚያ ክፉ ማደሪያዎች ኪራይ ብቻ ከሚመለከቱ ባለቤቶች እጅ ወጥተው በመልካም ሰዎች እጅ ይግቡ ብሎ ጠየቀ። ሄንሪዬታም ከምሥራቅ ለንደን ሴቶች ከ4,000 የሚበልጥ ፊርማ ሰብስባ ለንግሥት ቪክቶሪያ አቤቱታ አቀረበች። በሚከተለውም ዓመት የወደቡ ሠራተኞች ለአንድ ሰዓት ስድስት ሳንቲም ይከፈለን ብለው ሥራ አቆሙ፤ ከቶይንቢ ሆል ነዋሪዎችም አንዳንዶቹ ከእነርሱ ጋር ቆመው ረዱ፤ ሠራተኞቹም የጠየቁትን አገኙ። ከሩቅ የሚኖር ሰው ሁከት ብሎ የሚጠራውን ጎረቤት የሆነ ሰው ረኃብ መሆኑን ያውቃል።

አሁን ቀደም ብለህ ወደ ጠየቅኸው ጥያቄ እንመለስ። ባርኔት በወጣትነቱ ድኻ የሚድነው በራሱ ትጋት ነው፤ ምጽዋት ያሰንፈዋል ብሎ ያምን ነበር። ነገር ግን በመካከላቸው በኖረ ቍጥር ሌላ ነገር አየ። ሳይጠጣና ሳይዋሽ ዕድሜውን ሁሉ የለፋ ሰው በእርጅናው ወደ ድኾች መጦሪያ ቤት ሲገባና ከሚስቱ ሲለይ አየ። ይህ የስንፍና ዋጋ እንዳይደለ ተረዳ። ስለዚህ በ1883 ዓ.ም. ባሳተመው ጽሑፍ መንግሥት ለሽማግሌዎች ጡረታ እንዲሰጥ አሳሰበ። ያ የምጽዋት ማኅበር ግን በቀድሞው ሐሳቡ ጸና። በ1895 ዓ.ም. ባርኔት በገዛ ወዳጆቹ ፊት ቆሞ ማኅበሩ ልቡ እንደ ደነደነ፣ ደንቡን ከሰው አብልጦ እንደሚያከብር ነቀፈ። ከእነርሱ ጋር ብዙ ዓመት ሠርቶ ነበርና ይህ ቀላል ነገር አልነበረም። የእንግሊዝ መንግሥት የሽማግሌዎችን ጡረታ በሕግ የደነገገው በ1908 ዓ.ም. ነው፤ ዕድሜያቸው ሰባ ዓመት ለሞላ ድኾች በሳምንት እስከ አምስት ሽልንግ ተሰጠ።

አየህን? ስህተቱን ያስተማሩት ጎረቤቶቹ ናቸው። ከሩቅ ሆኖ ቢፈርድ ኖሮ በፍርዱ ጸንቶ ይሞት ነበር። ብዙዎቻችን የሳትነውን ነገር ለመናዘዝ እናፍራለን፤ በተለይ አስተማሪዎች የሆንን እንደሆነ። ይህ ሰው ግን ትምህርቱን በሰው ፊት ለወጠ፤ ክብሩም አልተቀነሰበትም።

ሥራው በእንግሊዝ አገር ብቻ አልቀረም። ጄን አዳምስ የምትባል አሜሪካዊት ቶይንቢ ሆልን ጐብኝታ ወደ አገርዋ ከተመለሰች በኋላ በ1889 ዓ.ም. ከባልንጀራዋ ጋር በቺካጎ ከተማ ሀል ሀውስን አቆመች። በሌሎችም ከተሞች ይህን የመሰሉ ቤቶች ተነሡ። በቶይንቢ ሆል ከኖሩትና ከሠሩትም መካከል ዊልያም ቤቨሪጅ በ1942 ዓ.ም. ስለ ድኾች፣ ስለ ሕመምተኞችና ስለ ሥራ አጦች መድን ታላቁን ዘገባ ጻፈ፤ ክሌመንት አትሊ ከ1945 እስከ 1951 ዓ.ም. የእንግሊዝ ጠቅላይ ሚኒስትር ሆኖ የዚያን ምክር ብዙውን ክፍል በሕግ ፈጸመ። ነገር ግን ከነዋሪዎቹ ሁሉ ፍሬ ተገኘ ብለን አናታልልህም። ጥቂት ጊዜ ተቀምጠው ለሹመት እንደ መሰላል የተጠቀሙበት እንደ ነበሩ በዘመኑ ነቃፊዎች ተናግረዋል። ዋይትቻፕልም በአንድ ቤት ምክንያት ከድኽነት አልወጣችም። ዘሪው ግን ዘሩ ሁሉ እስኪበቅል ድረስ እጁን አያጥፍም።

ባርኔት በ1906 ዓ.ም. በዌስትሚንስተር ታላቅ ቤተ ክርስቲያን ካኖን በሚባል ማዕርግ ተሾመ። በ1913 ዓ.ም. ሰኔ 17 ቀን በስድሳ ዘጠኝ ዓመቱ አረፈ። ሄንሪዬታም ሀብታምና ድኻ በአንድነት እንዲኖሩበት አስባ በ1907 ዓ.ም. በሰሜን ለንደን አዲስ ሰፈር ማሠራት ጀምራ ነበርና በዚያ ሥራ ጸናች፤ የባልዋንም ሕይወት ታሪክ ጽፋ በ1936 ዓ.ም. ሞተች። የቅዱስ ይሁዳ ቤተ ክርስቲያን በ1920ዎቹ ዓመታት ፈረሰ። ከቶይንቢ ሆልም ከፊሉ በሁለተኛው የዓለም ጦርነት በቦምብ ተመታ። ቤቱ ግን በዚያው መንገድ ቀርቶ እስከ ዛሬ ድረስ ለሰፈሩ ድኾች የሕግና የዕዳ ምክር በመስጠት ያገለግላል።

እንግዲህ አንባቢ ሆይ፤ ይህን ታሪክ የጻፍንልህ እንድታደንቅ ብቻ አይደለም። ቤትህን ሸጠህ ወደ ሌላ ሰፈር ሂድ አንልህም፤ ድኻው ከአጥርህ ማዶ አለና። ምጽዋትህንም አታስቀር፤ ነገር ግን ከምጽዋትህ ጋር ራስህን ስጥ። በዚህ ሳምንት በደጅህ ለሚቆመው ሰው ሳንቲሙን ስትሰጠው ስሙን ጠይቀው። ቤቱ ወዴት እንደ ሆነ እወቅ፤ ሲታመም ሂደህ ጠይቀው፤ ልጁ ትምህርት ቤት እንዲገባ ደብዳቤ ጻፍለት፤ ሲከሰስ ከእርሱ ጋር ወደ ዳኛ ሂድ። ባወቅኸው ጊዜ ስለ እርሱ ቀድሞ ያሰብኸው ስህተት ሆኖ ብታገኘው አትፈር፤ ለውጠው። ያን ጊዜ የኔ ቢጤ ብለህ ስትጠራው አፍህ ከልብህ ጋር ይስማማል። በመጨረሻው ቀን የሚጠይቀን ጌታ የሰጠነውን ገንዘብ ቈጥሮ አይበቃውም፤ የታመመውን ጠይቀን፣ እንግዳውን ተቀብለን እንደ ሆነ ይመረምረናል። ለዚያ ቀን የተዘጋጀን እንድንሆን እርሱ ይርዳን። አሜን።